ከአስር ስንት ያምሃል?

መስከረም 21 ቀን 1979፣ ረቡዕ ማታ

መግለጫ!

በከሚሴ ከተማ፣ ከመስጊዱ ጀርባ፣ በማመልከቻ ጸሐፊው በረጀብ ግቢ ለሦስት ዓመት ከመንፈቅ ያለ ዓመት ፈቃድ በመቀስቀስ ሥራ ላይ ተሰማርቶ የቆየው ቀዩ አውራ ዶሮ፣ ባደረበት ድንገተኛ ሕመም ዛሬ ጎሕ ሳይቀድ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይቷል። ሟቹ ከአራት ሚስት በላይ ባለመያዙ በሸሪዓው በኩል አንዳች ነቀፌታ አልተገኘበትም። ቢላዋ ሳይደርስለት ስለሞተ ሥጋው ለምግብነት ሳይውል ተቀብሯል። ለአራቱ መበለቶች መጽናናትን እንመኛለን።

ይህን ለሸሪፋ በሬዲዮ ሰውዬ ድምፅ አነበብኩላት። ሠላሳ ዓመት ከፍርድ ቤቱ ዋርካ ሥር ተቀምጬ የሰው አቤቱታ ስጽፍ ስለኖርኩ እንዲህ ያለው አይከብደኝም። ድሮ ቢሆን "ይሄ ሽማግሌ ደግሞ ጀመረው!" ብላ በእጇ ያለውን ትወረውርብኝ ነበር። ዛሬ ከንፈሯን ብቻ ከፈት አደረገች። ለመሳቅ ጎን መንቀሳቀስ አለበት። ጎኗ ከተንቀሳቀሰ ደግሞ እሳቱ ይነሣል።

"ማታ ደህና አልነበረም እንዴ?" አለችኝ።

"ሞት ቀጠሮ የለውም።"

"ኢና ሊላሂ" አለች። ለዶሮ!

ቀብሩን ጨርሼ ሮቢት ገበያ ደርሼ መጣሁ። ምንም አልገዛሁም።

መስከረም 23፣ ዓርብ

ባለጉዳዮቼን "ነገሩን ከሥር መሠረቱ ንገሩኝ" እላቸው ነበር። እኔም እንደዚያው ላድርግ።

ባለፈው ጥር በሸሪፋ ቀኝ ጎን፣ ከጡቷ ሥር ተነሥቶ እስከ ጀርባዋ እንደ መቀነት የዞረ ሽፍታ ወጣ። አልማዝ ባለ ጭራ የሚሉት ነው። ሽፍታው በሦስት ሳምንት ደርቆ ሄደ። ሕመሙ ግን ጎጆውን ቀልሶ ቀረ፤ ስምንት ወር አለፈው። የቀሚሷ ጨርቅ ሲነካት የጋለ ብረት እንደነካው ሰው ትዘላለች። ነፋስ ያማታል። ቀሚሷን በቀኝ እጇ ከገላዋ አርቃ ይዛ ነው የምትሄደው። የሰፈሩ ሰው "ሸሪፋ ምን ደብቃ ነው?" ይባባላል። ጋደም ማለት የሚባል ነገር የለም። ከማሽላ ጆንያ ተደግፋ ቁጭ እንዳለች ታድርና ሊነጋጋ ሲል ብቻ አንገቷ ዘንበል ይላል፤ ቢበዛ ለአንድ ሰዓት።

ኪኒን ዋጠች፤ እምቢ አለ። ሼሁ ዱአ አደረጉላት፤ ልቧ አረፈ፣ ጎኗ አላረፈም።

ሽፍታው ሊወጣ ሲል "የእሳት ጉንዳን ይሄድብኛል" ብላኝ ነበር። "በስድሳ አምስት ዓመትሽ ማን ቆነጠጠሽ?" ብዬ ሳቅሁ። አራት ቀን ሙሉ ሳቅሁ። ወዲያው ክሊኒክ ብወስዳት ኖሮ... ይህ ለጉዳዩ አስፈላጊ አይደለም።

ለጉዳዩ አስፈላጊ የሆነው የልጄ ልጅ ሶፍያ ናት። ሰንበቴ ክሊኒክ ጤና ረዳት ናት። ዛሬ በአላፊ መኪና ደብዳቤ ላከች፦ "አባዬ፣ ደሴ አንድ ወጣት ሐኪም መጥቷል። መድኃኒት እምቢ ላለው የነርቭ ሕመም በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ትንሽ ማሽን አለው። በገላ ላይ ቀስ ያለ ኤሌክትሪክ ይለቃል። እምዬን ይዘዋት ይሂዱ።"

አነበብኩላት።

"ሐኪሙ ወንድ ነው?"

"ወንድ ነው።"

"በቃ።"

"ሐኪም እኮ ወንድ አይባልም።"

"ሴትም አይባልም" አለችና ፊቷን አዞረች።

ይቺን "በቃ" አርባ ስድስት ዓመት አውቃታለሁ። መቀርቀሪያዋ ከውስጥ ነው።

መስከረም 25

ሌሊቱን ቁጭ ብላ አደረች። እኔ የተኛሁ መስዬ አደርኩ። ማንኛችን የበለጠ እንደደከምን አልተነጋገርንም።

መስከረም 29፣ ሐሙስ

ከደሴ አሁን ገባሁ። ጽሕፈቴ ተንጋዷል፤ ከመኪናው ይሁን ከውሸቱ አላውቅም።

ለሸሪፋ "ለወረቀት ጉዳይ" ብዬ ነበር የሄድኩት። ሐሳቤ ሕመሟን በቃሌ አስረድቼ ማሽኑን ይዤላት መመለስ ነበር። የሐኪሙ በር ላይ ግን "በሽተኛው በአካል ሳይቀርብ ሕክምና አይሰጥም" ተብሎ በትልቁ ተጽፏል። ዕድሜዬን እንዲህ ያለ አረፍተ ነገር ስጽፍ ኖሬ፣ አንዱ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ።

ሐኪሙ ቀና ብሎ "ሕመምተኛው ማን ነው?" አለ።

"እኔ" አለ አፌ።

ልብሴን አወለቅሁ። በቀኝ ጎኔ ላይ በልጅነቴ ለውጋት በጋለ ብረት የተተኮስኩት ሦስት ጠባሳ አለ። ሐኪሙ ጠጋ ብሎ አየና "ሽፍታው ሌላ ምልክት አልተወም?" አለኝ።

"እንደ ባላባቱ ሥርዓት ነው ዶክተር። ራሱ ሄዷል፣ ጣጣው ቀርቷል።"

ከኋላው መርፌ የምትቀቅለው ሲስተር ሙሚና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ትከሻዋ ይስቃል። እኔም ደስ አለኝ፤ ሰው ሲስቅልኝ ሌላውን ሁሉ እረሳለሁ።

ከዚያ ሐኪሙ ስለ ሕመሙ ጠየቀኝ። ስለ ጨርቁ፣ ስለ ነፋሱ፣ ስለ ማሽላው ጆንያ፣ ስለ አንገቷ ማዘንበል... "አንገቴ" ነው ያልኩት... ስነግረው ድምፄ መሐል ላይ ተሰበረ። ስለ ራሴ መሰለውና ውሃ አስመጣልኝ። ጠጣሁ። ምን ላድርግ?

ማሽኑ ከሲጋራ ፓኮ ትንሽ ከፍ ያለ ሳጥን ነው። ሁለት ሽቦ፣ በየሽቦው ጫፍ ግማሽ መዳፍ የሚያህል ጥቁር ላስቲክ፣ የሚዞር ቁልፍ፣ አንዲት ቀይ መብራት። እንደ ጥርስ ሳሙና በቱቦ ያለ ቅባትም አለው። ላስቲኩ ቅባት ተቀብቶ ከሚያመው ቦታ ግራና ቀኝ፣ ደህናው ቆዳ ላይ በፕላስተር ይለጠፋል። ሐኪሙ እኔ ላይ ሲሞክረው ጎኔን ሺህ ጉንዳን ወረረኝ፤ ግን የማይነክስ ጉንዳን ነው።

"ሁልጊዜ ከዜሮ ይጀምሩ" አለኝ። "በአንድ ጊዜ አይክፈቱት። በቀን ሦስት ጊዜ አንድ አንድ ሰዓት።" ካርድም ሰጠኝ። በየቀኑ ሕመሙ ከአስር ስንት እንደሆነ እጽፋለሁ። ማሽኖቹ ሦስት ብቻ ናቸው፤ ወረፋ የሚጠብቅ ብዙ ነው። ኅዳር 9 ማሽኑንም ካርዱንም ይዤ እቀርባለሁ። ማሽኑ እኛ ጋ ይቆይ ወይስ ለሌላ ይሰጥ ያን ቀን ይወሰናል።

ለዛሬ ካርዱ ላይ ዘጠኝ ጻፍኩ። ይቺ እውነት ናት፤ የባለቤቷ ስም ብቻ ነው የተሳሳተው።

መስከረም 30

ነገርኳት።

"አንቱ!" አለች። ስትቆጣ አንቱ ነው የምትለኝ። ቀጥላ እጇን አፏ ላይ ጫነች። "ያ ረጀብ፣ እንኳንም ነፍሰ ጡር ነኝ ብለህ አልመጣህ!"

ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች ማለት ይቻላል። ወዲያው ዓይኗን ጨፈነች፤ ሳቁ ጎኗን ነካው።

ማሽኑ ምን እንደሚያደርግ በገባኝ መንገድ ተረጎምኩላት። የሰንበቴ ከብት ገበያ በር ጠባብ ነው። ሕመም ግመል ነው። በሩ ላይ መቶ ግልገል ቢለቀቅ ግመሉ ውጭ ቆሞ ይጠብቃል። ይሄ ሳጥን ግልገል ይለቃል።

"ግልገሎቹ ሲያልቁስ?"

"ግመሉ ይገባል። እኛም እንደገና እንለቃለን።"

"ታዲያ ግመሉን ለምን አያርዱትም?"

ይህን ለሐኪሙ እጠይቀዋለሁ።

ከዚያ ቱቦውን ከፍታ አሸተተች። "ይሄ ቅባት ከምንድን ነው?"

"ከፋብሪካ።"

"ፋብሪካው ከምን ሠራው?"

አላወቅሁም።

"ከባሕር ማዶ የመጣ ስብ... የእሪያ ቢሆንስ? በዚህ ገላዬ ልስገድበት?"

ወላሂ ብዬ አልምልላት ነገር!  ማሽኑን ተቀበለችኝና "ራሴ አደርገዋለሁ" ብላ ከመጋረጃው ጀርባ ገባች። ከጥር ወዲህ ያን ጎኗን አላሳየችኝም። ያን ሳቄን አልረሳችው ይሆናል። ወይም የረሳሁት እንዳይመስላት የምፈራው እኔ ነኝ።

ጥቅምት 3

"ከአስር ስንት ያምሻል?"

"ሕመም በቁና ይሰፈራል እንዴ?"

ለካርዱ ቁጥር ያስፈልጋል። ብዙ ተከራክረን በመቁጠሪያዋ ተስማማን። ተስቢሕ ዘጠና ዘጠኝ ፍሬ ነው። ሕመሙ ሳያቋርጣት ስንት ፍሬ ትገፋለች? ከማሽኑ በፊት አሥራ አንድ ላይ ነበር የምትቆመው። እንግዲህ አሥራ አንድ ፍሬ ዘጠኝ ሕመም ይሁን፤ ዘጠና ዘጠኝ ደግሞ ዜሮ።

"ዛሬ ስንት ደረስሽ?"

"ሠላሳ።"

አልሐምዱሊላህ! ሰባት ብዬ ጻፍኩ። ቤታችንም ሰሞኑን የዒድ ቀን ይመስል ቅቤ ቅቤ ይሸታል። ጥሩ ምልክት ነው።

ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ

አደም መጣ። አብረን ነው ያደግነው፤ አሁን የቀበሌው ሊቀመንበር ነው። በር ላይ "አካም ቡልቴ?" ብሎ በደንቡ ሰላም አለኝ፤ ከተቀመጠ በኋላ ግን ፊቱ ሊቀመንበር ሆነ።

"በቤትህ ሽቦ አለ ይባላል።"

"አለ።"

"በሽቦው ከማን ጋር ነው የምትነጋገረው?"

"ከጎኔ ጋር።"

አልሳቀም። "ስማ ረጀብ። ከአውራጃ ሁለት ካድሬዎች ይመጣሉ። በመጋረጃ ውስጥ ቀይ መብራት ይበራል ተብሎ ተነግሮኛል። ይቺ ቀልድህ አንድ ቀን ታስበላሃለች።"

ሸሪፋ በመጋረጃው በኩል ትንፋሿን ስትይዝ ሰማሁ። ማሽኑን አወጣሁት። ቱቦው እንደመጣ ሙሉ ነው፤ ሸሪፋ መቼም ቆጣቢ ናት። ከቅባቱ ጥቂት አድርጌ ላስቲኮቹን በአደም ክንድ ላይ ለጠፍኩና ቁልፉን ትንሽ አዞርኩ።

"ያ ረቢ!" ብሎ ሊቀመንበሩ ብድግ አለ። ከዚያ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ክንዱን አገላብጦ አየ።

"ደግ ነገር ነው እኮ" አለ። "ለወገብስ ይሆናል?"

ሲሄድ "ለነርቭ ሕክምና የሚያገለግል መሣሪያ መሆኑ በአካል ተረጋግጧል" የምትል ወረቀት ራሴ ጽፌለት ፈረመባት።

ጥቅምት 13

ስድሳ ደረስኩ አለች። ስድሳ! አራት ብዬ ጻፍኩ። ካርዱ ደረጃ እንደሚወርድ ሰው ደስ ብሎት ይወርዳል።

ያው ቀን፣ ቆይቶ

ለንጋቱ ሰላት ለሱብሒ ውዱእ ላደርግ ስወጣ ከመጋረጃው ጀርባ ስታወራ ሰምቼ ነበር። "ያ ረቢ፣ ደስ እንዲለው ብዬ ነው። አውፍ በለኝ" የምትል መሰለኝ።

ጆሮዬ ደክሟል። ዶሮም ስለሌለ ሰዓቱን አላውቅ፤ በሕልሜም ሊሆን ይችላል።

አራት ነው የጻፍኩት። እርሳስ አይደለም፣ ብዕር ነው።

ጥቅምት 17፣ ሰኞ

ባቲ። ቀይዋ መብራት ፈዛ ነበር። አራት ማዕዘኑ ባትሪ ድንጋይ ከሚሴ የለም፣ ጨፋ የለም። ባቲ ገበያ አንድ የአፋር ነጋዴ ከጨርቅ ውስጥ አወጣ። እንዴት ይሞከራል? ምላስ ላይ! ነከሰኝ። ነጋዴው እስኪበቃው ሳቀብኝ። ለማን እንደሆነ፣ ስለ ግመሉም ነገርኩት። ሁለተኛ ጨመረልኝ፤ "የሚስትህን ግመል አባርር" ብሎ። ደክሞኛል። መንገዱ ሁሉ አቧራ ነው።

ጥቅምት 21፣ ዓርብ

ሶፍያ መጣች። ሻንጣዋን አስቀምጣ በቀጥታ ወደ አያቷ ገባች። ከመጋረጃው ጀርባ ሹክሹክታ፣ ዝምታ፣ እንደገና ሹክሹክታ። ከዚያ ሶፍያ የቅቤ ቅል ይዛ ወጣች።

"አባዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?"

"ቅቤ።"

"ላስቲኩ ላይ ስትቀባ የቆየችው ይሄን ነው።"

ሸሪፋ ከውስጥ ሆና "ንጹሕ የላም ቅቤ ነው!" አለች። "ምን አጠፋሁ? ለሚያም ገላ ከቅቤ የሚሻል ምን አለ?"

ሶፍያ ደፍ ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች። ሳቋ መሐል ላይ ለቅሶ ሆነ። ቅቤ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሸሪፋ በቀን ሦስት ጊዜ ላስቲኩን በቅቤ አሽታ፣ ቀይ መብራቱን እያየች፣ ምንም ሳይሰማት ተቀምጣ ነበር። አንድም ግልገል አልወጣም። ግመሉ ብቻውን ሲመላለስ ከርሟል።

"ታዲያ ሠላሳው? ስድሳውስ?" አልኩ።

 "ደሴ ድረስ ሄደህልኝ ስትመጣ ምን ልበልህ?" አለች ሸሪፋ።

ቱቦውንም ሶፍያ አገላብጣ አየችው። እሷም ከምን እንደተሠራ አላወቀችም፤ አውቃለሁ ብላም አልዋሸችም። ይልቅ "ለብ ያለ ውሃ፣ ጨው፣ ንጹሕ ጨርቅ ይበቃል" አለች።

"ጨው?" አለች ሸሪፋ።

"የአፋር ጨው፣ እምዬ።"

በአፋር ጨው ሐላልነት ላይ ክርክር የለም።

ሌላ ነገርም ልጻፍ። ጥቅምት 13 ጆሮዬ አልደከመም ነበር።

ጥቅምት 22

ገደልኳት ብዬ ነበር።

ጨርቁን በጨው ውሃ አርሰን፣ ሶፍያ ላስቲኮቹን ለጠፈችላት። "ይክፈቱት" አለችኝ። ከፈትኩት። ሸሪፋ ጮኸች። ላስቲኮቹን ነቃቅላ ጣለቻቸው፤ ጎረቤት ሁሉ ወጣ። በቅቤው ጊዜ ምንም ስላልተሰማት ቁልፉን እስከ ጥግ አዙራው ነበርና እዚያው ጥግ ላይ ነበር። ከዜሮ ይጀምሩ የተባልኩት እኔ ነኝ። ያላየሁት እኔ ነኝ።

"ሁለተኛ አይነካኝም" አለች። "በቃ።"

ያቺ በቃ።

ጥቅምት 25

ሦስት ቀን ሆነ። ሶፍያ ወደ ሥራዋ ተመልሳለች። ማሽኑን በየማታው ሸሪፋ ፊት እኔ እለጥፈዋለሁ፤ ግልገል ጎኔ ላይ ሲዘል እንዲህ ነው እያልኩ ፊቴን አጣምማለሁ። ዞራ አታይም። ቀልዴ ሁሉ ድንጋይ ላይ እንደፈሰሰ ውሃ ነው።

ዛሬ ቀልዱን ተውኩት። ከአጠገቧ ተቀመጥኩና "በጥር ስቄብሻለሁ" አልኳት። 

"አውቃለሁ። ሰምቻለሁ" አለች። "ለአራት ቀን ነበር።"

ቆጥራለች።

ጥቅምት 26፣ ረቡዕ ማታ

ይህን ቀስ ብዬ ልጻፍ።

ሳጥኑን እጇ ላይ አስቀመጥኩት። "በሩን አንቺ ያዢ" አልኳት። "ስንት ግልገል እንደሚገባ አንቺ ነሽ የምታውቂው። እኔ ቁልፉን አልነካም።"

ቁልፉን እስከ ዜሮ መለሰችው። ሦስት ጊዜ አረጋገጠች። ከዚያ ባልጠበቅሁት ሰዓት መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ "ና ለጥፍልኝ፤ ለብቻዬ ጀርባዬ አይደርስልኝም" አለች።

አየሁት። ከዘጠኝ ወር በኋላ። የደበዘዘ ጠባሳ ነው፤ ዝናብ በደረቀ አፈር ላይ ጥሎት የሄደው ዓይነት። ይሄን ነው የደበቀችኝ። እርጥቡን ጨርቅ ከላይና ከታች አስቀመጥኩ፣ ለጠፍኩ።  አንድም ነገር አልቀለድኩም፤ ምስክሬ አላህ ነው።

አንድ አለች። ምንም። አንድ ተኩል። ሁለት። ቅንድቧ ተነሣ።

"ሲ ዹኩባ?" አልኳት፤ በእናቷ ቋንቋ፣ ያምሻል ወይ ብዬ። ሲያማትም ሲያስደነግጣትም በኦሮምኛ ነው የምትመልሰው።

"ና ሂን ዹኩቡ" አለች። አያመኝም። "ጉንዳን ነው። ግን ቀዝቃዛ ጉንዳን።"

 ቀይዋ መብራት ብልጭ ትላለች። ግማሽ ሰዓት ሲሆን ቀሚሷን የያዘው ቀኝ እጇ ቀስ ብሎ ተፈታ። ጨርቁ ጎኗ ላይ ወደቀ። አልዘለለችም። እጇን ግን ምን እንደምታደርገው ጠፋት፤ ጭኗ ላይ አኖረችው፣ አነሣችው፣ መልሳ አኖረችው። ዘጠኝ ወር ሥራ ላይ የነበረ እጅ ነው፤ ጡረታ ሲወጣ መግቢያው ጠፋው።

ያዝኩላት።

ኅዳር 2

እውነተኛው ቁጥር ይኸው። ሲለጠፍ አምሳ ፍሬ ትገፋለች። ከተነቀለ ሁለት ሦስት ሰዓት ይቆይላታል። ከዚያ ግመሉ ይመጣል። አንዳንድ ቀን ሃያ አምስት፣ አንዳንድ ቀን አርባ። አይፈውስም፤ ያስታግሳል። ያለሱ ግን አሥራ አንድ ናት።

የደሴው ካርድ ግን በቅቤው ዘመን አራት ደርሷል። አሁን ስድስት ብዬ ብጽፍ "ሕመምዎ ወደ ላይ ለምን ተመለሰ?" ይለኛል። ስለዚህ ሦስት ጻፍኩ። ነገ ሁለት እጽፋለሁ። ደረጃ ከጀመርክ መውረድ ነው።

ኅዳር 6

መውሊድ። ማሽኑን በቀሚሷ ሥር ታጥቃ ሄደች። ከሴቶቹ መሐል እስከ ቀትር ተቀመጠች! ድምፅዋን ከግድግዳው ማዶ ለየሁት። አሁን አልጽፍም፤ ሰው ይጠራኛል።

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ

ደሴ። ሸሪፋ "ጨርቅ አያለሁ" ብላ አብራኝ መጣች፤ እውነቱን ግን ማሽኑን ከዓይኗ ማራቅ አልፈለገችም። ኮሪደር ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጫት ገባሁ።

ሐኪሙ ካርዱን አየ። ፊቱ በራ።

"ከዘጠኝ ወደ ሁለት! ግሩም ነው አባቴ! ሲስተር ሙሚና፣ ይሄን ተመልከቺ።" ከዚያ እጁን ዘረጋ። "እንግዲህ እርስዎ ድነዋል። ማሽኑን ለቀጣዩ ሰው እንስጥ።"

ሳጥኑ ኪሴ ውስጥ ነበር። እጄ ሄዶ ያዘው፤ አላወጣ አለ። በሕይወቴ ለሌላ ሰው ስንት ይግባኝ ጽፌያለሁ! የራሴ ሲሆን አንድ ቃል አልመጣልኝም። ቁጥሮቼ ሁሉ መስክረውብኛል።

"አባቴ? ምነው?"

በሩ ተከፈተ። ሸሪፋ ናት፤ ከኮሪደሩ ሁሉን ሰምታለች። ቀሚሷን በቀኝ እጇ ይዛለች፤ ማሽኑ ከተነቀለ አራት ሰዓት ሆኖታል።

"ልጄ" አለችው ሐኪሙን። "ይሄ ሰውዬ አልታመመም። ከውሸት በቀር ምንም አያመውም። በሽታው የኔ ነው። ወንድ ሐኪም አላይም ስላልኩት ነው። የቅቤውም ጥፋት የኔ ነው፣ ቁጥሩን የዋሸነው ግን ተባብረን ነው። ሁለት አይደለም፤ ስድስት ነው፤ አንዳንድ ቀን ሰባት። ግን ሲለጠፍልኝ ቀሚሴን ሳልይዝ መቀመጥ ጀምሬያለሁ። አትውሰድብኝ።"

 ሐኪሙ እኔን አየ፣ ካርዱን አየ፣ ሦስቱ ጠባሳዎቼ ያሉበትን ቦታ በልብሴ ላይ አየ። ተቆጣ፤ እውነቱን ነው። "በዚህ ካርድ ላይ ተመሥርቼ ለሌሎች ሰዎች ልወስን ነበር እኮ" አለኝ። አንገቴን ደፋሁ። አፌም ዝም አለ፤ ለአንዴ።

ያኔ ሲስተር ሙሚና መርፌዋን አስቀምጣ "እማማ፣ ይምጡ" አለቻት። ከነጭ መጋረጃ ጀርባ ይዛት ገባች። ጥቂት ቆይታ ያየችውን ለሐኪሙ ነገረችው። ሐኪሙ ሸሪፋን አንድም ጊዜ አልነካትም፣ ጎኗንም አላየም።

"መጀመሪያውኑ ብትጠይቁ ይሄው ነበር እኮ" አለችኝ ሲስተር ሙሚና።

መስከረም 29 እዚያው ክፍል ውስጥ ነበረች። ለማሳቅ ስሞክር ነበር፤ ለመጠየቅ አልሞከርኩም። ልክ በጥር እንዳደረግሁት።

አዲስ ካርድ ተሰጠን። ስሙ "ወይዘሮ ሸሪፋ" ይላል። ማሽኑ ለስድስት ወር። የመጀመሪያው ቀን ቁጥር፦ ስድስት። ራሷ ነች የተናገረችው።

ስንወጣ ዞር ብላ ሐኪሙን "ግመሉን ለምን አታርዱትም?" አለችው። እስካሁን የገባው አይመስለኝም።

ኅዳር 16፣ ማክሰኞ

ዛሬ ቤታችን ጠብ ነበር። ሸሪፋን ሱብሒ አለፋት።

ማታ ለአንድ ሰዓት ግልገሎቿን ለቅቃ፣ ሳጥኑን ነቅላ፣ "እስቲ ልሞክር" ብላ በግራ ጎኗ ጋደም አለች። ጆንያው ብቻውን ቆሞ አደረ። እኔ ተነሥቼ ሰግጄ ተመለስኩ፤ አልነቃችም። ፀሐይ በመስኮቱ ገባ፤ አልነቃችም። አፏን ከፍታ ታንኮራፋለች። በአርባ ስድስት ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ የሚያምር ነገር አልሰማሁም። ቁጭ ብዬ ሰማሁት።

ስትነሣ ፀሐዩን አይታ ደነገጠች። "አንቱ! እያዩ ዝም አሉኝ? ሰላት አለፈኝ!"

"ተኝቶ ያለፈው ሲነቃ ይሰግዳል ይላሉ።"

"ደግሞ ሼህ ሆነሃል" አለች፤ ወደ አንተ መለሰችኝ። ሰግዳ ስትጨርስ ግቢውን አየችና "ያ ምስኪን ዶሮ ቢኖር እኮ ይሄ አይደርስብኝም ነበር" አለች። "ድምፁ ናፈቀኝ።"

እንግዲህ። በዚህ ደብተር ለሐኪሙ የዋሸሁትን፣ የካርዱን ውሸት፣ የጆሮዬንም ውሸት አምኛለሁ። አንድ ቀርቷል።

ዶሮው አልሞተም። ያን ረቡዕ ሸሪፋ ሌሊቱን ሙሉ ቁጭ ብላ አድራ፣ አንገቷ ገና ዘንበል ሲል ጮኸ። ባነነች፤ እጇም ቀሚሷን ፍለጋ ሄደ። ከዚያ ወዲያ አልተኛችም። በጆንያ ከትቼ ጨፋ ሮቢት ወሰድኩትና ለወዳጄ ለዑመር አደራ ሰጠሁት። ቀብሩንም፣ ሕመሙንም፣ መግለጫውንም ከራሴ ነው ያወጣሁት። አራቱ ሚስቶች ብቻ እውነት ናቸው። ዶሮ የሚጮኸው መልአክ አይቶ ነው ይባላል፤ እኔ መልአክ የሚያየውን ከቤት አስወጥቼ ከርሜያለሁና አላህ አውፍ ይበለኝ።

ነገ ረቡዕ ነው። ሟቹን ላመጣ ሮቢት እሄዳለሁ፤ ዑመር ለመውሊድ ካላረደው። ለሸሪፋ ምን እንደምላት አላገኘሁም።

ወንድሙ ነው እላታለሁ።